ለመስክ ሙከራ የሚሆን የአፕል ችግኝ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የሚሸጠው ሲመዘን

በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ መንገዶች ዳር በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሮ የሚሸጠው የአፕል ችግኝ ለጓሮ ጥሩ ነው። ሁለት ሦስት ዛፍ ተክሎ ለቤተሰቡ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ከነጉድለቱም ቢሆን ይመከራል። «ቅጠል በእጅ ማራገፍ ምርት ይጨምራል ወይ? የትኛው ዝርያ ይሻላል?» ብሎ ቆጥሮና መዝኖ መልስ ማግኘት ለሚፈልግ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ሳይመረጥ መኪና ላይ የተጫነ ችግኝ ከአራትና ከአምስት ዓመት ልፋት በኋላ ምንም የማይናገር ማሳ ይሆናል። ይህ ግምገማ ችግኙን የሚመዝነው ለሙከራ ባለው ብቃት ስለሆነ፣ ለጓሮ ተካይ ጥብቅ ሊመስል ይችላል።

ኅዳር ሌሊት ጋቢ ደርቦ ለሚያድር ሰው አዲስ አበባን «ሞቃት» ማለት ላይዋጥለት ይችላል። ለአፕል ግን ሞቃት ናት። አፕል ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛ ዛፍ ነው፤ በወጉ ለመንቃት ከ7.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ቅዝቃዜ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት ማግኘት አለበት። እንደ ሬድ ዴሊሽየስ ያሉ የቀዝቃዛ አገር ዝርያዎች ከ600 ሰዓት በላይ ይፈልጋሉ። በእኛ በጋ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ረፋድ ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ወጥታ የሌሊቱን ሥራ ታፈርሰዋለች። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው፣ ዛፉ ያገኘውን ቅዝቃዜ የሚቆጥረው የዩታ ስሌት ከ18 ዲግሪ በላይ የሞቀውን እያንዳንዱን ሰዓት ከተጠራቀመው ቅዝቃዜ ላይ ይቀንሳል፤ የእኛን ታኅሣሥ በዚህ ስሌት ያሰላ ሰው ዜሮ አካባቢ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ቢወጣለት መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ቅዝቃዜ ያልጠገበ አፕል አይደርቅም፤ ወቅቱ ይጠፋበታል። የቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያሉት እንቡጦች ብቻ ይፈነዱና ከታች ያለው ዘንግ ባዶውን ይቀራል። አንዱ ቅርንጫፍ ሲያብብ ሌላው የደረሰ ፍሬ ይዞ ይገኛል።

አና እና ዶርሴት ጎልደን የሚባሉት ዝርያዎች የሚፈለጉትም ለዚህ ነው። አና በእስራኤል፣ በኪቡትስ ዓይን ሼመር የተገኘ ሲሆን፣ 300 ሰዓት ወይም ከዚያ ያነሰ ቅዝቃዜ ይበቃዋል። ዶርሴት ጎልደን የመጣው ክረምትን በወጉ ከማያውቁት ከባሃማስ ደሴቶች ነው፤ 100 ሰዓት ገደማ ካገኘ ያብባል። አና በራሱ የአበባ ብናኝ በደንብ ስለማያፈራ ዶርሴት ጎልደን አጠገቡ መኖር አለበት። አና ብቻውን ተተክሎ «አበባው ረገፈ» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሻጩ ዘንድ

በመንገድ ዳሩ ገበያ የዝርያ ስም ብዙም አይጠራም፤ የሚጠራው ቀለሙ ነው። «ቀዩ ነው ጋሼ፣ በሁለት ዓመቱ ይደርሳል» ይባላል። ቀይ ያሉት አና ሊሆን ይችላል፤ ጋላ (Gala) የተባለው የአፕል ዝርያም ሊሆን ይችላል፤ ሬድ ዴሊሽየስም ቀይ ነው። ቢጫ ያሉትም ዶርሴት ጎልደን ወይም ጎልደን ዴሊሽየስ ሊሆን ይችላል። ጎን ለጎን ተሰልፈው በአንድ ዋጋ የሚሸጡት እነዚህ ችግኞች በቅዝቃዜ ፍላጎታቸው የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። በቅጠል ለመለየት መሞከር ያሳስታል፤ ፍሬው ላይ ግን ይታያል። አና ረዘም ያለ፣ ወደ ታች ጠበብ የሚል፣ አረንጓዴ ቢጫ መደብ ላይ ቀይ የተቀባ ነው። ዶርሴት ጎልደን ክብ ነው፤ ቢጫ ሆኖ ፀሐይ ባገኘው ጉንጩ ላይ ሮዝ ይነካዋል። ስለዚህ ለሙከራ የሚገዛው ቀንበጡ የተቆረጠበትን እናት ዛፍ ፍሬ በያዘበት ወቅት ሊያሳይ ከሚችል ሻጭ ነው። እናት ዛፍ የሌለው ሻጭ አታላይ ነው ማለት አይደለም። ከሌላ ገዝቶ የሚሸጥ በመሆኑ ላላየው ነገር ማረጋገጫ ሊሰጥ አይችልም።

ገዢው የሚረሳው ደግሞ የታችኛውን ክፍል ነው። የተዳቀለ ችግኝ ሁለት ዛፍ ነው፤ ከመገጣጠሚያው በላይ ያለው ፍሬውን የሚሰጠው ዝርያ ሲሆን፣ ከታች ያለው ሩትስቶክ የሚባለው ሥር ነው። የዛፉን ቁመት፣ ለፍሬ የሚፈጥንበትን ጊዜና አፈሩን የመቻል አቅሙን የሚወስነው ይሄኛው ነው። መጠየቅ ያለበት፦ «ወንድሜ፣ ሥሩ ከፍሬ ዘር የበቀለ ነው ወይስ ከእናት መደብ የተገነጠለ?» የአፕል ዘር እናቱን አይመስልም። መቶ ዘር ቢዘራ መቶ የተለያየ ዛፍ ይወጣል፤ አንዱ ጉልበተኛ፣ አንዱ ቀጫጫ። እንዲህ ባለ ሥር ላይ ሁሉም አና ቢዳቀልበትም የዛፎቹ ጉልበት ይለያያል። ያ ልዩነት ደግሞ ሞካሪው ከሚፈልገው ልዩነት ጋር ተቀላቅሎ ማን ምን እንዳደረገ የማይለይ ይሆናል። አፈር እየታቀፈለት ሥር አውጥቶ ከእናት መደብ የተገነጠለው ግን ሁሉም የአንዲት እናት ግልባጭ ነው። ሻጩ ይህን ጥያቄ መመለስ ካልቻለ፣ ችግኙ ለምለም ቢሆንም ለሙከራ አይወሰድ።

በስም ሊጠየቁ የሚገባቸው ኤም ኤም 106 እና ኤም ኤም 111 ናቸው። ሁለቱም የተገኙት እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ሥርና ግንድ ላይ ነጭ ጥጥ የመሰለ ሱፍ ለብሶ የሚቀመጠውን ክሽክሽ የተባለ ተባይ ይቋቋማሉ። 106ቱ መካከለኛ ቁመት ያለውና ቶሎ የሚያፈራ ነው፤ ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ግን አንገቱ ይበሰብሳል። 111ዱ ድርቅንም ከበድ ያለ አፈርንም ይችላል፤ በምትኩ ዛፉ ይገዝፋል፣ ፍሬውም ይዘገያል። ኤም 9 የሚባለው ድንክ ሥር ዕድሜውን ሙሉ የድጋፍ እንጨት የሚፈልግና ክሽክሹን የማይቋቋም በመሆኑ ለእንዲህ ያለ ቦታ አይመረጥም።

ሻጮቹ በዚህ ዓይን ሲታዩ ደረጃቸው ግልጽ ነው። የመንገድ ዳሩ ችግኝ ለጓሮና ለጠባቂ ረድፍ (በማሳው ዳር ለከለላ ለሚተከለውና ለማይለካው) ይሆናል፤ ለሚለካው ዛፍ አይሆንም። የራሱ እናት ዛፍና የራሱ የሥር መደብ ያለው ችግኝ ጣቢያ ከሁሉም ይሻላል። እሱም ጋ ቢሆን የተደረደረውን ከማንሳት ማዘዝ ይበልጣል፦ ከአንድ እናት ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ፣ በአንድ ዓይነት ሥር ላይ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ሰው እጅ የተዳቀለ። ይህ ትእዛዝ ከተከላው አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ መሰጠት አለበት። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ የሚመጣው ሦስተኛው አማራጭ ነው። እዚያ አፕል የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚስዮናውያን አማካይነት በመሆኑ የማዳቀል ሙያው የቆየ ነው። ችግሩ መንገዱ ነው፤ አፈሩ ተራግፎ በማዳበሪያ ከረጢት የተጫነ ችግኝ አዲስ አበባ እስኪደርስ ሥሩ ይደርቃል። በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ከላዩ በፕላስቲክ ከታሰረና በደረሰ ማግስት ከተተከለ ግን ጥሩ ነው። ሊደረግ የማይገባው የተለያየ ቦታ ችግኝን ማደባለቅ ነው። የግድ ከሁለት ቦታ መግዛት ካስፈለገ የአንዱ ቦታ ችግኝ በአንድ ብሎክ (የሚነጻጸሩት አሠራሮች ሁሉ በሚገኙበት አንድ የማሳ ክፍል)፣ የሌላው በሌላ ብሎክ ይግባ እንጂ በአንድ ብሎክ ውስጥ አይቀላቀሉ።

እጅ ላይ ሲታይ

ለግዢ ሲኬድ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይያዝ። ከመገጣጠሚያው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የግንዱ ውፍረት በሁለት አቅጣጫ ይለካና አማካዩ ይያዛል። ለዓይን ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ችግኞች፣ አንዱ 12 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 16 ሚሊ ሜትር ሊሆኑ ይችላሉ። የግንዱ ስፋት፣ ማለትም ግንዱ ቢቆረጥ የሚታየው ክብ ስፋት፣ የሚሰላው በሴንቲ ሜትር የተለካውን ውፍረት በራሱ አባዝቶ በ0.785 በማባዛት ነው፦ የመጀመሪያው 1.13 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 2.01። በአራት ሚሊ ሜትር ልዩነት አንዱ የሌላውን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። በዚህ ልዩነት የተነሡ ዛፎች ሦስተኛው ዓመት ላይ የሚያሳዩትን የምርት ልዩነት የቅጠል ማራገፍ ውጤት አድርጎ መጻፍ ስሕተት ነው።

መገጣጠሚያው ላይ የታሰረው ፕላስቲክ ካልተፈታ ግንዱን አንቆት ከላይ ያብጣል፤ እንዲህ ያለው ነፋስ ሲመታው እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ከመገጣጠሚያው በታች የወጣ ለምለም ቀንበጥ ካለ እሱ አና ሳይሆን ሥሩ ነው። አንዳንዱ ችግኝ የላይኛው ክፍል ሞቶ ይህ ቀንበጥ ብቻ ያደገ ስለሚሆን፣ ቅጠሉ ያማረ ሆኖ ፈጽሞ ሌላ ዛፍ ነው። የፕላስቲኩን ታች መዳሰስም ያስፈልጋል። ሥሩ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ከሆነ መሬት ገብቶም መጠምጠሙን አይተውም፤ ዛፉ ለሁለት ዓመት ደህና መስሎ ይቆይና በሦስተኛው ይቀጭጫል። ሻጩ አንዱን ችግኝ ከፕላስቲኩ አውጥቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም፤ መቶ ችግኝ ለሚገዛ ሰው የሚከለክል ሻጭ ካለ ሌላ ዘንድ መሄድ ነው።

ስንት ይገዛ

ብዙ ሙከራ የሚከሽፈው እዚህ ነው። አራት የሚነጻጸሩ አሠራሮችን በሦስት ብሎክ የሚተክል ሰው በአጋጣሚ የመጣውን ልዩነት የሚለካበት ነፃ ንጽጽር (በስታቲስቲክስ «የነፃነት ደረጃ» የሚባለው) 6 ብቻ ይቀርለታል፤ ይህ በጣም ትንሽ ነው። ብሎኩ አምስት ሲሆን 12 ይሆናል፤ ከዚያ በታች መውረድ አይመከርም። የችግኝ ምርጫ ለምን ዋና እንደሆነ የሚያሳየው ስሌት ደግሞ ይኸው፦ በአምስት ብሎክ፣ በእያንዳንዱ መደብ (አንድ አሠራር በሚያርፍበት ቦታ) አንድ ዛፍ ብቻ ተተክሎ በዛፎቹ መካከል ያለው የተፈጥሮ መለያየት 30 በመቶ ቢሆን፣ ሙከራው ሊያየው የሚችለው ከ41 በመቶ በላይ የሆነ ልዩነት ብቻ ነው። ቅጠል ማራገፍ በእውነት 25 በመቶ ቢጨምር እንኳ «ልዩነት የለም» ተብሎ ይጻፋል። ችግኙ ተመርጦ መለያየቱ ወደ 15 በመቶ ቢወርድ 21 በመቶ ልዩነት ይታያል። ያልተመረጠውን ችግኝ በየመደቡ ሁለት ሁለት ማድረግ ደግሞ 41ዱን ወደ 29 ብቻ ነው የሚያወርደው። በካሊፐር የጠፋ አንድ ከሰዓት በኋላ መሬትንና ዛፍን እጥፍ ከማድረግ የበለጠ ይሠራል።

ለዚህ አካባቢ የሚመከረው ሙከራ ሁለት ጥያቄዎችን በአንድ ማሳ ላይ ይጠይቃል፦ ቅጠል በእጅ ማራገፍ እና ቅርንጫፍ ማጎንበስ። አራት አሠራሮች ይወጡታል፤ ምንም ያልተደረገለት፣ የተራገፈ ብቻ፣ የጎነበሰ ብቻ፣ ሁለቱም የተደረገለት። ቅጠል ማራገፍ ዛፉ በቂ ቅዝቃዜ ሳያገኝ፣ ጠልቆ ሳይተኛ እንዲያብብ የማስገደጃ ዘዴ ነው። በኢንዶኔዥያ ጃቫ፣ ባቱ በሚባለው ደጋ ገበሬዎች በዚህ መንገድ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታሉ። ቅርንጫፍ ወደ ጎን ሲታሰር ደግሞ ጫፉ በታችኞቹ እንቡጦች ላይ ያለው የበላይነት ስለሚቀንስ ባዶ ይቀር የነበረው ዘንግ ይፈነዳል።

አተካከሉ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ብሎክ አንድ ረድፍ ነው። ረድፉ በዶርሴት ጎልደን ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሁለት አና፣ ዶርሴት፣ ሁለት አና፣ እንዲህ እያለ በዶርሴት ያበቃል። በሁለት ዶርሴት መካከል ያሉት ሁለት አናዎች አንድ መደብ ናቸው። በረድፉ 8 አና እና 5 ዶርሴት፣ በድምሩ 13 ዛፍ ይሆናል። አምስት እንዲህ ያሉ ረድፎችና ግራና ቀኝ አንዳንድ ጠባቂ ረድፍ ተጨምረው 91 ዛፍ ይሞላሉ። በዛፍና በዛፍ መካከል 3 ሜትር፣ በረድፍና በረድፍ መካከል 4 ሜትር ሲተው 39 በ28 ሜትር፣ ማለትም 1,100 ካሬ ሜትር ገደማ መሬት ይበቃል።

አና 60 ይገዛል። ሁሉም ተለክቶ በውፍረት ቅደም ተከተል ይሰለፍና መካከለኞቹ 40 ይወሰዳሉ። ከ40ዎቹ ወፍራሞቹ ስምንት ለመጀመሪያው ብሎክ፣ ቀጣዮቹ ስምንት ለሁለተኛው እያለ ይሄዳል፤ በአንድ ረድፍ ውስጥ የሚወዳደሩት እኩዮች ይሆናሉ ማለት ነው። ከቀሩት 20 ውስጥ ለመካከለኞቹ የሚቀርቡት 6 በትልቅ ፕላስቲክ ለመጠባበቂያ ይቀመጣሉ፣ 14ቱ ጠባቂ ረድፍ ውስጥ ይገባሉ። ዶርሴት 28 ይገዛል፣ ሦስቱ መጠባበቂያ። ለጠባቂ ረድፍ የጎደሉት 12 ከመንገድ ዳር ቢመጡም ግድ የለም። በድምሩ 100 ችግኝ ነው።

የትኛው መደብ የትኛውን አሠራር እንደሚያገኝ በዕጣ ይወሰናል፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ እንደ አዲስ አራት ብጣሽ ወረቀት ሲኒ ውስጥ ተጨምሮ ይወጣል። በዓይን የሚደለድል ሰው ሳያውቀው የሚወደውን አሠራር ለቧንቧው ቅርብ ያደርገዋል።

መሬቱ

ከአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት ብዙው ዋልካ ነው። ከመተከሉ በፊት 60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ ሞልቶ ማስረግ፣ ከዚያ ዳግመኛ መሙላት ነው። በማግስቱም ውሃው ካለ በደልዳላው ላይ አይተከልም፤ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ መደብ ተሠርቶ እሱ ላይ ይተከላል። በሆለታ በኩል ያለው ቀይ አፈር ውሃ ያሳልፋል፣ ችግሩ አሲዳማነቱ ነው፤ አፕል የሚስማማው ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ከ6 እስከ 6.5 በመሆኑ አፈሩ ተመርምሮ ኖራው ከተከላው ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ይበተናል።

አጥር ላይ ባሕር ዛፍ የሌለበት መሬት እዚህ አካባቢ ማግኘት ይከብዳል። ሥሩ ውሃውን ከሩቅ ስለሚስብ ቅርብ ያሉት አፕሎች ይቀጭጫሉ። ከተቻለ 20 ሜትር መራቅ ጥሩ ነው። ካልተቻለም ረድፎቹ ከባሕር ዛፉ ጋር ትይዩ ይሁኑ፤ አንዱ ረድፍ በሙሉ ለባሕር ዛፉ እኩል ይቀርባል፣ ጉዳቱም የብሎክ ልዩነት ሆኖ ይወጣል። ረድፉ ወደ ባሕር ዛፉ ቀጥ ብሎ ከሄደ ግን አንዱ አሠራር ጥማት፣ ሌላው ምቾት ያገኛል። ተዳፋት መሬት ላይም ረድፉ ሽቅብ ሳይሆን አግድም ይሂድ። ሸለቆ ውስጥ ያለ ሜዳ፣ የሱሉልታ ዓይነቱ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይተኛበታል። የፈካ አበባ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ላይ መሞት ስለሚጀምር ከሜዳው ይልቅ የኮረብታው ወገብ ይመረጣል።

ተከላው ክረምቱ ሲገባ ነው፣ ሰኔ ወይም ሐምሌ። ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሴንቲ ሜትር፤ የላዩ አፈር ለብቻ ይቀመጥና ከ10 እስከ 15 ኪሎ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ተደባልቆ ይመለሳል፤ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። መገጣጠሚያው አፈሩ ከረጋ በኋላ ከመሬት ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ከተቀበረ አናው ራሱ ሥር ያወጣል፤ ያኔ 106 ተብሎ የተገዛው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ለተዳቀለ ችግኝ የተከፈለው ዋጋ በአንድ አካፋ አፈር የሚጠፋው እንዲህ ነው።

ሥራውና ምዝገባው

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚወጣ አበባ ይቀነጠሳል፤ ዛፉ ቅርፁን ይያዝ። ሙከራው የሚጀምረው በሦስተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት አጋማሽ ላይ ነው። ከማራገፉ በፊት በእያንዳንዱ ዛፍ ላይ በአራቱም አቅጣጫ እርሳስ የሚያክሉ አራት ቅርንጫፎች ተመርጠው ክር ይታሰርባቸዋል፤ ያላቸው እንቡጥ ሁሉ ተቆጥሮ ይጻፋል። ከስድስት ሳምንት በኋላ የፈነዱት ይቆጠራሉ። 28 እንቡጥ ካለው ቅርንጫፍ 9 ከፈነዳ 32 በመቶ ነው። ይህ ቁጥር የሞቃት አገር አፕል ሙከራ ሁሉ የመጀመሪያው መልስ ነው፤ ምርቱ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ሥራው መያዝ አለመያዙን ያሳያል።

ቅጠሉ ተመዝዞ አይነቀልም፤ እንቡጡን ይዞ ይመጣል። ቅጠሉን ከቅርንጫፉ ጋር ከሚያያይዘው ቀጭን አገዳ ላይ ቅጠሉ ብቻ ይቀነጠስና አገዳው በራሱ ጊዜ እንዲወድቅ ይተዋል። ሠራተኛ የሚመደበው በብሎክ ነው፤ አንድ ሰው አንዱን ረድፍ በአንድ ቀን ይጨርስ። ቀኑ ከመሸ ሥራው የሚቆመው በረድፍ ማብቂያ ላይ ነው። ከተማ ውስጥ እንቡጥ ለማስፈንዳት ተብሎ ሃይድሮጅን ሳያናማይድ ያለበት መድኃኒት ቢገኝ እንኳ በእጅ የሚሠራው ይቅደም። ኬሚካሉ ለሚረጨው ሰው አደገኛ ነው፤ በተለይ በረጨበት ሰሞን ጠላም ሆነ አረቄ ለሚቀምስ ሰው ጉዳቱ ይብሳል።

ብናኝ ሰጪዎቹ ዶርሴቶች ላይ ብዙ ሞካሪ ይሳሳታል። ሁሉም ዶርሴት ከተራገፈ ሁሉም በአንድ ሰሞን ያብባል፤ ያልተራገፈው አና ዘግይቶ ሲያብብ ብናኝ አያገኝም፣ ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ከዚያ «ማራገፍ ምርት ጨመረ» ይባላል፤ በእውነት ግን የጎደለው ብናኝ ነበር። መፍትሔው በየረድፉ ሁለተኛውንና አራተኛውን ዶርሴት ከአናዎቹ ጋር በአንድ ቀን ማራገፍ፣ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን መተው ነው። በተሰጠው አተካከል እያንዳንዱ መደብ በአንድ ወገኑ የተራገፈ፣ በሌላ ወገኑ ያልተራገፈ ዶርሴት ይኖረዋል።

በበጋ የሚያብብ ዛፍ ውሃ ይፈልጋል፤ ለሁሉም እኩል፣ በጠብታ መስኖ ቢሆን ይመረጣል። ፍሬው ከዘለላው አንድ አንድ ብቻ ቀርቶ ሌላው ይነሣል፤ ደንቡ ለአራቱም አሠራር አንድ ይሁን። ምርት በየዛፉ ተቆጥሮ ይመዘናል፣ ከዚያም ለግንዱ ስፋት ይካፈላል። 30 ካሬ ሴንቲ ሜትር ግንድ ኖሮት 9 ኪሎ የሰጠ ዛፍ 0.3 ነው፤ 15 ካሬ ሴንቲ ሜትር ኖሮት 6 ኪሎ የሰጠው 0.4። ብዙ ኪሎ የሰጠው የመጀመሪያው ቢሆንም ለመሬቱ የተሻለው ሁለተኛው ነው።

ቴርሞሜትሩ በየሰዓቱ የሚመዘግብ ይሁን፤ በወር 720 ያህል ንባብ ይሰጣል። ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ነፋስ በሚያሳልፍ ነጭ መከለያ ውስጥ ይሰቀላል። ቆርቆሮ ክዳን ሥር የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚለካው የቆርቆሮውን ሙቀት ነው። የዛፍ መለያ በማርከር የተጻፈ ከሆነ አንድ በጋ አይሻገርም። ከለስላሳ መጠጥ ጣሳ ተቆርጦ በምስማር የተጻፈበት ቁራጭ ለዓመታት ይቆያል፤ ሽቦው ግንዱን እንዳያንቅ ላላ ተደርጎ ቅርንጫፍ ላይ ይንጠልጠል። የማሳው ካርታ በሁለት ቦታ ይቀመጥ።

የሚያጋጥመው

ፍልፈል ከሁሉ ይብሳል። ሥሩን ከታች ስለሚበላ ዛፉ ጠዋት ለምለም ሆኖ ቆሞ፣ በእጅ ሲነካ ካስማ የሌለው ድንኳን ይመስል ይወድቃል። አዲስ የአፈር ቁልል በታየ ቀን ወጥመድ ይጠመድ፤ የዶሮ ሽቦ በጉድጓዱ ዙሪያ መተከሉም ይረዳል። ሁለተኛው የፍሬ መሰወር ነው። ከተማ ዳር ያለ አፕል ሲቀላ ወፍም ሕፃንም ያየዋል። ስለዚህ ፍሬው ለቀማ ሳይደርስ በየወሩ ይቆጠር፤ የጠፋው ስንት እንደሆነ ከታወቀ መረጃው ይድናል፣ ካልታወቀ ግን ዛፉ አላፈራም ተብሎ ይመዘገባል። የክረምት በረዶ የወረደበት ቀንም ይጻፍ።

በመጀመሪያው ክረምት የሞተ ዛፍ ከስድስቱ መጠባበቂያዎች በአንዱ ይተካል፤ ውፍረቱ ለዚያ ብሎክ የሚቀርበው ይመረጣል። ከዚያ ወዲህ የሞተ ቦታው በማንኛውም ችግኝ ይሞላል፤ ጎረቤቱ ብርሃንና ውሃ በዝቶለት እንዳይወፍር ነው። የተተካው ዛፍ ግን አይለካም፤ መዝገቡ ላይ «ጎደለ» ተብሎ ይቀመጣል።

በሰኔ ለመትከል ያሰበ ሰው ትእዛዙን ለችግኝ ጣቢያው አንድ ዓመት ያህል ቀድሞ ይስጥ። ቀንበጡ የሚቆረጥበትን እናት ዛፍ ሄዶ ቀለም ይቀባበት፣ የሥሩን ስም በደረሰኙ ላይ ያስጽፍ፣ ርክክቡም ችግኙ በካሊፐር ሲለካ ይሁን።